የመጋዘኑ ባለቤት ማን ነው? ከኮምቦልቻ የአንድ ሀብት ምዝገባ ጥያቄ ታሪክ

ኮምቦልቻ የመጋዘን ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድና በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙት እዚያ ስለሆነ እህሉም፣ ማዳበሪያውም፣ የፋብሪካው ዕቃም ሳያርፍባት አያልፍም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ጠንካራ ጣሪያና ደረቅ ወለል ያለው ግቢ የያዘ ሰው ተከራይ ፍለጋ ብዙ አይደክምም። መንግሥትም ከተከራዮቹ አንዱ ነው።

አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ በከተማዋ መጋዘን ለመከራየት ጨረታ አወጣ። የመሥሪያ ቤቱንም ሆነ የሰዎቹን ስም አልጠቅስም፤ ጉዳዩን በጽሑፍ እንዳወጣ የፈቀዱልኝ በዚህ ስምምነት ነው። ተጫራቾቹ ሦስት ነበሩ። ሲፒኦ አስያዙ፣ ኤንቨሎፓቸውን አሸጉ፣ ዋጋው በሁሉም ፊት ተከፍቶ ተነበበ። በካሬ ሜትር ዝቅተኛውን ኪራይ ያቀረቡት ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» የሚላቸው አዛውንት ነጋዴ ነበሩ፤ እኔም እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። ያሸነፉት ግን እሳቸው አልነበሩም። በመስፈርቱ ውስጥ «ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና በግቢው ውስጥ መዞር መቻል አለበት» የሚል አንድ መስመር ነበር። የሐጂ ግቢ ተለክቶ ጠበበ። በውድ ዋጋ የቀረበውና ሰፊ ግቢ ያለው መጋዘን ተመረጠ።

ወሬው ከማን እንደጀመረ የሚያውቅ የለም። ያሸነፈው መጋዘን የቅርንጫፉ ኃላፊ ንብረት ነው፤ በሚስቱ ስም ነው ያሠራው፤ ያቺም መስመር የእሱን ግቢ ለክታ የተጻፈች ናት ተባለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል የማያውቅ ሰው በሌለበት አገር እንዲህ ያለ ወሬ ማስረጃ አምጣ አይባልም። ቅሬ (የወሎ ዕድር) ላይ ተነገረ፣ ከጁምዓ መልስ ተነገረ፣ ሰንበቴ ላይ ተነገረ። ያልሰሙት ኃላፊው ብቻ ነበሩ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

እኔ ደሴ ላይ ማመልከቻና አቤቱታ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሐጂ ወደ እኔ የመጡት ክስ ለማጻፍ ነበር። «ጻፍ ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ መንግሥትን ራሱ ለራሱ አከራይቷል ብለህ ጻፍ» አሉኝ። በዓይናቸው ያዩት ወይም በወረቀት የያዙት ነገር እንዳለ ጠየቅኳቸው። የሰሙት ብዙ ነበር፤ የያዙት ግን አንድም አልነበረም። ስለዚህ ከክሱ በፊት የኃላፊውን የሀብት ምዝገባ መዝገብ እንጠይቅ አልኳቸው። እንዲህ ያለ መዝገብ መኖሩን አያውቁም ነበር። ይህ የሐጂ ብቻ አይደለም፤ ወደ እኔ ከሚመጡት ባለጉዳዮች መካከል ባለሥልጣን ሀብቱን እንደሚያስመዘግብ የሰሙ ብዙ ናቸው፣ የተመዘገበውን እነሱ ራሳቸው ሊያዩት እንደሚችሉ የሚያውቅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ሕጉ የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ነው። ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና በአዋጁ የተለዩ የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን ሀብት፣ የገቢ ምንጫቸውን፣ ዕዳቸውንም ሳይቀር እንዲያስመዘግቡ፣ በየሁለት ዓመቱም እንዲያድሱ ያስገድዳል። ቤተሰብ የሚባሉት የትዳር ጓደኛና 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው። መዝገቡን የሚያደራጀው የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ሲሆን በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት የሥነ ምግባር ክፍሎችም በሥራው ይሳተፋሉ። የሕጉ ዓላማ ሌባ መያዝ ብቻ አይደለም። አንድ ኃላፊ የሚወስነው ውሳኔ ከራሱ ኪስ ጋር የሚነካካ መሆኑ አስቀድሞ እንዲታወቅ፣ የግል ጥቅምና የመንግሥት ሥራ ሳይጋጩ በፊት እንዲለዩ ነው። የመጋዘን ኪራይ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

አዋጁ የተመዘገበው መረጃ ለሕዝብ ክፍት እንደሆነ፣ ማየት የፈለገ ሰውም በጽሑፍ እንደሚጠይቅ ይናገራል። ወረድ ብሎ ደግሞ የቤተሰብ ሀብትን የሚመለከተው መረጃ በምስጢር እንደሚጠበቅ ይደነግጋል። አንባቢ እነዚህን ሁለት ድንጋጌዎች አብሮ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የሐጂ ጉዳይ ከዳር እስከ ዳር ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

ከዚህ ጎን ሌላ ሕግ አለ፤ የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000። የመገናኛ ብዙኃኑ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1238 ቢተካም የመረጃ ነፃነቱ ክፍል አሁንም ይሠራል። በዚህ ሕግ መሠረት መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት አካል ፈጥኖ፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ የተከለከለ ሰው ይግባኝ ይላል፣ እስከ እንባ ጠባቂ ተቋምና እስከ ፍርድ ቤት ይሄዳል። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ ሲጠይቅ ሠራተኛው በጽሑፍ ይቀበለዋል። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ደግሞ ከሁሉም በላይ ቆሟል። እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ሐጂ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም።

ማመልከቻውን አጭር አድርጌ ጻፍኩት። ዋናው ቃል ይህ ነበር፦ «የኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ኃላፊ በአዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት ካስመዘገቡት ሀብት ውስጥ ለሕዝብ ክፍት የሆነውን መረጃ ለማየትና ቅጂ ለመውሰድ እጠይቃለሁ። ይህ ማመልከቻ በኃላፊው ላይ የቀረበ ክስም ሆነ ጥቆማ አይደለም።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው። መዝገብ ማየት ከመክሰስ ጋር አንድ ተደርጎ የሚታይበት ቢሮ ብዙ ነውና፣ ጠያቂውም ሆነ ተጠያቂው ሳይቆጡ እንዲነጋገሩ ይረዳል።

ከዚያ ፊርማው ላይ ደረስን፤ ሐጂም እስክርቢቶውን ይዘው ቆሙ። ሌላ ጊዜ ከዚሁ ቢሮ ጋር መሥራት ይፈልጋሉ። ልጃቸው የንግድ ፈቃድ የምታሳድሰው በዚያው ከተማ ነው። ስማቸው፣ አድራሻቸው፣ ስልካቸው ከማመልከቻው ግርጌ ይሰፍራል፤ ነገ ጠዋት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የወንጀል ጥቆማ ለሰጠ ሰው ነው፤ መዝገብ አሳዩኝ ላለ ሰው አይደለም። የጠረጠረውን በይፋ የከሰሰ ከለላ ሲያገኝ፣ ሳይከስ በፊት ለማጣራት የፈለገ ጨዋ ሰው ግን ያለ ከለላ ይቀራል። ሐጂ ጥቂት ካሰቡ በኋላ «አላህ ያውቃል፣ የጠየቅኩት ሐቅ ነው» ብለው ፈረሙ። ስንቶች በዚህች መስመር ላይ ደርሰው እስክርቢቶውን እንደሚመልሱ ሳስብ ያመኛል።

የቅርንጫፉ የሥነ ምግባር ክፍል ባለሙያ በትሕትና ነው የተቀበለን። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገባ፣ ቁጥርና ቀን አስመታ። ችግሩ በእሱ እጅ የሚታይ ነገር አለመኖሩ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ የዚህም ቅርንጫፍ ፋይሎች ወለል ላይ ተበትነው፣ ግማሹ ተቃጥሎ ነበር የተገኘው። ወሎ ውስጥ በዚያ ዓመት ያልጠፋ ወረቀት ምን አለ? የትምህርት ማስረጃው፣ የቤት ካርታው፣ የሆስፒታል ካርዱ፣ የፍርድ ቤት መዝገቡ። አንድ መዝገብ በአንድ ካዝና ብቻ ሲቀመጥ ምን እንደሚደርስበት ለወሎ ሰው መናገር አያስፈልግም።

ቅጂው ያለው አዲስ አበባ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው ተባለ። ጥያቄያችን ወደዚያ ተላለፈ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው የመጀመሪያ ደብዳቤ የኃላፊው የጽሑፍ ፈቃድ እንዲያያዝ የሚጠይቅ ነበር። ይህ ፈቃድ በየትኛው የሕግ አንቀጽ እንደተጠየቀ እንዲገለጽልን በትሕትና ጻፍን። መልሱ አንቀጽ አልጠቀሰም፤ መዝገቡን መጥተን ማየት እንደምንችል ብቻ ገለጸ። ማየት እንጂ ቅጂ መውሰድ አልተፈቀደም።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ጎህ ሳይቀድ ተሳፍሮ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት አልፎ ጣርማ በርን ወጥቶ ሲመሽ መግባት ነው፤ ያውም መንገዱ ሰላም ሲሆን። የአውቶቡሱ፣ የአልጋው፣ የምግቡ ወጪ ተደምሮ ሐጂ ይችሉታል፤ ነጋዴ ናቸው። ከሐይቅ ወይም ከኩታበር የመጣች ገበሬ ግን ስለ ወረዳዋ የፌዴራል ተመራጭ ሀብት ማወቅ ብትፈልግ ይህንን ወጪ ከየት ታመጣለች? ለሕዝብ ክፍት የተባለ መዝገብ ለማየት በሬ መሸጥ ካስፈለገ፣ ክፍት የሆነው ለሕዝቡ ሳይሆን በሬ ላለው ብቻ ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ የሥነ ምግባር መርሆዎች ዝርዝር። ባለሙያዋ ፋይሉን አውጥታ ከፊታችን አኖረችው፤ ለእሷም አዲስ ነገር እንደሆነባት ያስታውቅ ነበር። ቅጹ በእጅ የተሞላ ነው። የመኖሪያ ቤት፦ አንድ፣ በሌላ ከተማ፣ ከሹመቱ በፊት በማኅበር የተሠራ። ተሽከርካሪ፦ የለም። አክሲዮን፦ በአንድ ባንክ፣ ጥቂት። የባንክ ተቀማጭ፣ ደመወዝ፣ ከባንክ የተወሰደ የቤት ብድር። የንግድ ድርጅት በሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ በረጅም ሰያፍ መስመር ተሰርዞ «የለም» ተብሎ ተፈርሟል። ሐጂ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ እያንዳንዷን መስመር አነበቡ፤ በማስታወሻ ደብተራቸውም ጻፉ፤ መጻፉ እንኳን ይፈቀድ አይፈቀድ ተጠይቆ ነው።

ቀጥሎ ያሉት ገጾች በወረቀት መያዣ ተጣብቀው ነበር። የቤተሰብ ሀብት የሚሞላባቸው ናቸው። ባለሙያዋ እጇን ጫን አድርጋባቸው «እነዚህን አባቴ፣ ሕጉ አይፈቅድልኝም» አለቻቸው። ልክ ናት፤ አይፈቅድላትም።

ሐጂ ሲወጡ የተናገሩት እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። «የተገለጠው ገጽ ስለ መጋዘኑ ምንም አላለኝም። ያልተገለጠው ግን ሁሉን ነገረኝ።» በእሳቸው ልብ መጋዘኑ በዚያች በተጣበቀች ገጽ ውስጥ በጉልህ ተጽፏል። እኔ ይህ ማስረጃ እንዳልሆነ፣ ገጹ በሕግ የሚዘጋ መሆኑን፣ ሚስት ምንም ባይኖራት እንኳን እንደሚዘጋ ላስረዳቸው ሞከርኩ። አዳመጡኝ፤ አልተቀበሉኝም። ኮምቦልቻ ሲመለሱም ወሬው አልበረደም፤ ጭራሹን ምስክር አገኘ። «ሐጂ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው የሚስትየዋን ገጽ ከለከሏቸው» ተባለ። ቃሉ እውነት ነው፤ ከቃሉ የተወሰደው ትርጉም ግን ሌላ ነበር።

ይህ ጉዳይ ያስተማረኝ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ስለ መዝገብ ክፍትነት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናስበው ሌባውን ነው፤ ይጋለጥ፣ ይታወቅ እንላለን። በግማሽ የተከፈተ መዝገብ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ንጹሑን ኃላፊ ነው። ያልሰረቀውን ሰው ነፃ የሚያወጣው ወረቀት በራሱ መሥሪያ ቤት የብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ኃላፊው ሊያወጣው ቢፈልግ እንኳን የሚያወጣበት ልማድ የለም።

ኃላፊውን በኋላ አግኝቼ አነጋግሬአቸዋለሁ። ስለ ወሬው የሰሙት ያን ጊዜ ነው፤ ፊታቸው ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ስለ ቤተሰብ ገጹ ያሉኝን በትክክል ማስፈር ይገባኛል፣ ምክንያቱም ቀላል ክርክር አይደለም። «የእኔን ያንብቡት፤ የተሾምኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ግን አልተሾመችም። ሰው ታግቶ ገንዘብ በሚጠየቅበት በዚህ ጊዜ የሚስቴንና የልጆቼን ስም ከነንብረታቸው ለማንም አሳይ ትለኛለህ?» አሉ። ይህንን ፍርሃት የሚያናንቅ ሰው ባለፉት ዓመታት በዚህ አገር መንገድ አልተጓዘም። የግል ሕይወት የመከበር መብትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጻፈ ነው።

ሆኖም ጥያቄው ይፋ ይሁን ወይስ ይደበቅ ብቻ አይደለም። ምኑ ይፋ ይሁን የሚለውም አለ። የሐጂን ጥያቄ ለመመለስ የልጆች ስም አያስፈልግም፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥርም፣ የቤቱ ትክክለኛ አድራሻም፣ የገንዘቡ መጠን እስከ ሳንቲሙም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ መስመር ነበር፦ የትዳር ጓደኛ በኮምቦልቻ ከተማ የሚከራይ ቤት ወይም መጋዘን አላት ወይስ የላትም።

የመጋዘኑ ባለቤትነት የታወቀው በመጨረሻ ከሌላ በር ነው። ያሸነፈውን መጋዘን ከሞቱ አባታቸው የወረሱት ወንድማማቾችና እህትማማቾች በድርሻቸው ተጣልተው ፍርድ ቤት ቆሙ። ችሎቱ ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ ይቀመጣል። የኪራይ ውሉ፣ ካርታው፣ የወራሾቹ ዝርዝር ሁሉ በዚያ ተነበበ። ከኃላፊው ጋር በሥጋም በጋብቻም የሚዛመድ አንድም ሰው አልነበረበትም። ያቺ የተሳቢ መኪና መስመርም ቢሆን የመጣችው ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ በየከተማው ለሚከራዩ መጋዘኖች ሁሉ ከተላከ አንድ ዓይነት መስፈርት ነበር። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ ኃላፊውን ቤታቸው ድረስ ሄደው አፉ በሉኝ አሏቸው። ሽማግሌ ሳይላክ፣ በገዛ እግራቸው ነው የሄዱት። ለዚህ ልባቸው ያለኝ አክብሮት ታላቅ ነው።

ጉዳቱ ግን አስቀድሞ ደርሷል። የውሉ ዘመን ሲያልቅ ጨረታው በድጋሚ በወጣ ጊዜ ሐጂ አልተጫረቱም፤ የፍርድ ቤቱ ነገር ገና አልተሰማም ነበርና «የተበላ ዕቁብ» ነው ብለው ቀሩ። ሌሎችም እንደዚያው አሰቡ። የቀረቡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዋጋውም ከቀድሞው ከፍ ብሎ ተነበበ። ማንም ሳይሰርቅ መንግሥት ተጨማሪ ኪራይ ከፈለ። አንድ መስመር ባለመታየቱ የሚከፈል ዋጋ በየትኛውም የኦዲት ሪፖርት ላይ አይወጣም፤ ግን ይከፈላል።

ሌላው ዓለም ይህንን ችግር እንዴት እንደያዘው ሳነብ ሁለት አገሮች ለእኛ ቅርብ ሆነው አገኘኋቸው። አሜሪካ ባለሥልጣኖቿ የገንዘብ ሁኔታቸውን እንዲያሳውቁ በሕግ ያስገደደችው ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የሀብቱ መጠን በትክክል ሳይሆን «ከዚህ እስከዚህ» በሚል እርከን ይገለጻል። የትዳር ጓደኛና የልጆች ሀብትም ይካተታል። መዝገቡን ማየት የፈለገ ግን ለብዙ ዘመን ስሙን፣ ሥራውንና አድራሻውን ሞልቶ መጠየቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2012 መረጃው በኢንተርኔት እንዲወጣና በቀላሉ እንዲፈለግ ታዘዘ፤ በ2013 ምክር ቤቱ ለብዙዎቹ ሠራተኞች ይህንኑ በደኅንነት ምክንያት መልሶ ሰረዘው። ዳኞች ደግሞ ከዚህ ሁሉ ርቀው ቆይተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው ጋዜጣ የዳኞቹን ቅጾች ከችሎት መዝገቦች ጋር ሲያስተያይ 131 የፌዴራል ዳኞች እነሱ ወይም ቤተሰቦቻቸው አክሲዮን በያዙባቸው ኩባንያዎች ጉዳይ ላይ ፈርደው ወይም ተቀምጠው አገኘ። «ወይም ቤተሰቦቻቸው» የሚለው ይሰመርበት። በቀጣዩ ዓመት የዳኞች ቅጽ በተሞላ በ90 ቀን ውስጥ በኢንተርኔት እንዲወጣ የሚያዝ ሕግ ጸደቀ። ቅጾቹ ቀድሞም ነበሩ፤ ለውጡን ያመጣው አንድ ላይ ተሰብስበው መነበባቸው ነው።

ሁለተኛዋ ዩክሬን ናት፤ በጦርነት ውስጥ ያለች አገር በመሆኗ ለወሎ ሰው ትቀርባለች። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የባለሥልጣኖቿን የሀብት መግለጫ ከነቤተሰባቸው በኢንተርኔት ለማንም ታሳይ ነበር፤ ትክክለኛ አድራሻና የመታወቂያ ቁጥር ይሸፈናል። በየካቲት 2022 ጦርነቱ ሲጀመር መዝገቡ ተዘጋ። በ2023 ምክር ቤቱ እንደተዘጋ እንዲቆይ ሕግ ሲያወጣ ከ80,000 በላይ ሰዎች በፊርማቸው ተቃወሙ፤ ፕሬዚዳንቱ ሕጉን መለሱት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ መዝገቡ እንደገና ተከፈተ። ለደኅንነት የሚያሰጋው ይሸፈናል፣ የቀረው ይታያል። የኮምቦልቻው ኃላፊ ያነሱት ፍርሃት እዚያም ነበር፤ መልስም ተገኝቶለታል።

ይህን ሁሉ ይዘን ከሐጂና ከሰፈሩ ቅሬ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተመራጫችን የሚላክ ደብዳቤ አረቀቅን። ኃላፊውም ረቂቁን አይተው ሁለት ቦታ አስተካክለውልናል። የጠየቅነው ብዙ አይደለም። ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመዝገብ ክፍል ማንም ስሙን ሳያስመዘግብ የሚያነበው ሆኖ በኢንተርኔት ይውጣ። ኢንተርኔት ለሌለው ደግሞ በየዞኑ ከተማ በኮምፒውተር የሚታይበት አንድ ጠረጴዛ ይኑር፤ ደሴ ላይ ቢሆን ከደላንታም ከወረኢሉም ሰው በዕለቱ ደርሶ ይመለሳል። ከቤተሰብ ሀብት ውስጥ ቤት፣ መሬት፣ ተሽከርካሪና የንግድ ድርሻ ያለ ስምና ያለ አድራሻ፣ በከተማና በዓይነት ብቻ ይገለጽ፤ የገንዘብ መጠን በእርከን ይሁን፤ የልጆች ገጽ እንደተዘጋ ይቆይ። ይህ የመጨረሻው የአዋጅ ማሻሻያ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ግን አዲስ ሕግ የሚጠይቁ አይመስለኝም፤ ክፍት ነው ያለው አዋጅ ከወጣ ቆይቷል።

ደብዳቤው ደርሶልናል የሚል መልስ መጥቷል። ሐጂ ደግሞ በዚህ ዓመት የሦስተኛው ጨረታ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሰነዱን ገዝተዋል፤ ግቢያቸውንም የጎረቤት ቦታ ጨምረው አስፍተውታል። ከዋጋ ማቅረቢያቸው ጋር ሌላ ማመልከቻ አስጽፈውኛል፦ በጨረታው ላይ ከሚወስኑት ኃላፊዎች መካከል ሀብት የማስመዝገብ ግዴታ ያለባቸው ያስመዘገቡትን፣ ኤንቨሎፑ ከመከፈቱ በፊት ለማየት። በቅርንጫፉ መዝገብ ቤት በኩል ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። ጨረታው የሚከፈተው ማስታወቂያው በወጣ በ15ኛው ቀን ነው፤ የመረጃ ነፃነት አዋጁ ለመልስ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው።